ሹሩባ ሠርቶ መታሰር

ሰፈራችሁ ውስጥ ሹሩባ የምትሠራ ሴት መቼም አትጠፋም። አንድ በርጩማ፣ አንድ ሚዶ፣ ትንሽ ቅባት... በቃ። ይህችን ሴት ሰባት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች መጥተው በካቴና ወሰዷት ብትሉ ማን ያምናችኋል? ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ግን ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1997 አይሲስ ብራንትሊ የተባለች ሹሩባ ሠሪ የገዛ ሳሎኗ ውስጥ ተይዛ ታሰረች። ጥፋቷ? የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ የላትም። ፈቃዱን ለማግኘት 1,500 ሰዓት መማር ነበረባት፤ ያውም ከሹሩባ ጋር እምብዛም የማይገናኝ ትምህርት።

ነገሩ ሥር አለው። አሜሪካ ውስጥ ፀጉር አስተካካዮችን ፈቃድ አውጡ ያለው የመጀመሪያው ሕግ በ1897 ሚኒሶታ ውስጥ ወጣ። ምክንያቱ ንጽሕና ነው፤ ምላጭና ፎጣ በሽታ ያዛምታሉ። እውነት ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን እንዲህ ዓይነት ሕግ እንዲወጣ ሲገፉ ከነበሩት መካከል የፀጉር አስተካካዮቹ የራሳቸው ማኅበራት ይገኙበታል። ፈቃድ አዲስ ተፎካካሪን በር ላይ ያስቀራላ! ልክ በመቶ ዓመቱ ምላጭ የማትይዝ ሴት ላይ ደረሰ።

በ2007 ቴክሳስ ለሹሩባ ብቻ የሚሆን፣ 35 ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ ፈቃድ አወጣች። ብራንትሊም ተሰጣት። ተገላገለች ስትሉ፣ ሌሎችን ላሠልጥን ስትል ደግሞ ሌላ መሰናክል መጣ። ሥልጠናዋ ለፈቃድ እንዲቆጠር ቤቷ ሙሉ የፀጉር አስተካካዮች ኮሌጅ መሆን አለበት ተባለ፦ 2,000 ስኩዌር ፊት (186 ካሬ ሜትር ገደማ) ቦታ፣ 10 ወንበር፣ እንዲሁም የፀጉር ማጠቢያ ገንዳዎች። ገንዳው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ሹሩባ ቤቶች እኮ ገንዳ እንዲኖራቸው ሕጉ ራሱ አያስገድድም ነበር! ተማሪዎቹ በማይጠቀሙበት ዕቃ ሊማሩ ነው ማለት ነው።

በ2013 ከሰሰች። በጃንዋሪ 2015 የፌዴራል ዳኛው ሳም ስፓርክስ ፈረዱላት። መመዘኛውን አሟልቶ ሹሩባ ብቻ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት እንኳ ጥሩ ቢባሉ የቴክሳስ ጠበቆች መጥራት አልቻሉም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ቴክሳስ ለሹሩባ ፈቃድ መጠየቋን ጭራሽ ተወች። ብራንትሊ ካቴና ከገባላት 18 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ነበር የቀረው።