ዝባድ፦ በቀንድ ታሽጎ ከሀገራችን የወጣው ሽቶ



ጁሙዓ ቀን መስጂድ በር ላይ ብልቃጥ ደርድረው የሚሸጡ ወንድሞችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ወጣቱ ይመጣል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ አንዴ ያሸታል፣ «ይሄ አሪፍ ነው» ብሎ ይከፍላል። ማታ ላይ ደግሞ «ሽታው ተቀየረብኝ፣ ሸወዱኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነትም ተሸውዷል። ብዙ ጊዜ ግን ሽቶው ሥራውን ነው የሠራው። ዘይት ሽቶ፣ ማለትም ዒጥር፣ ብልቃጥ ውስጥ ሌላ ነው፣ ቆዳ ላይ ሌላ ነው። ይህን ከሁሉም በላይ የሚያሳየው ደግሞ ከህንድም ከዱባይም ያልመጣ፣ ከዚሁ ከኛ ሀገር ወጥቶ ብዙ ዓለም የዞረ ሽቶ ነው፤ ዝባድ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ታሪክ ነው።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥርኝ ስል እፍኙን ማለቴ አይደለም፤ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ፀጉሩ ዥንጉርጉር፣ ከድመት ተለቅ የሚል የዱር እንስሳ ነው። ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ እንደ ቅቤ የወፈረ ቢጫ ቅባት ያጠራቅማል። በዱር ሲኖር ግንድና ድንጋይ ላይ እየቀባ ክልሉን ያመለክትበታል። ቅባቱ ሲቆይ እየጠቆረ ይሄዳል። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «ዘባድ»። ጣልያኑም፣ ፈረንሳዩም፣ እንግሊዙም ይህን ሽቶ የሚጠሩበት ቃል ከዚሁ ከዐረብኛው የመጣ ነው። ስሙን ሳይቀይሩ መውሰዳቸው ብቻውን፣ ዕቃው በማን እጅ አልፎ እንደደረሳቸው ይነግረናል።

ኪታብ የቀራችሁ ደረሳዎች ዝባድን ከጦሃራ ምዕራፍ ታውቁት ይሆናል። በ676 ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ (አላህ ይዘንላቸው) «መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ዝባድ ያነሳሉ። ከዑለማው መካከል ዝባድ የባሕር ድመት ወተት ነው ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ የየብስ ድመት ላብ ነው አሉ። በሁለቱም አባባል ዝባዱ ራሱ ጧሂር ነው። የሚያስቸግረው አብሮት የሚመጣው የእንስሳው ፀጉር ነው፤ በሻፊዒያ ኪታቦች ጥቂቱ ይታለፋል ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ ፍርዱ ብቻ አይደለም። በደማስቆ የተቀመጡ ፈቂህ በቀንድ ታሽጎ ስለሚመጣ ቅባት፣ ፀጉር ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም ብለው ሲመረምሩ፣ ሱቁ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ሰው የማይቀባውን ነገር ፍርድ ማንም አይጠይቅም።

ሽቶ በኢስላም ቀላል ቦታ ያለው ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ይወዱ እንደነበር፣ ሲሰጧቸውም እንደማይመልሱ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ሁሌ የምደጋግመው የእናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲሥ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ለኢሕራም ከመግባታቸው በፊት ሽቶ ትቀባቸው ነበር፤ ኢሕራም ውስጥ ሆነው ደግሞ የሽቶው ብልጭታ በፀጉራቸው መለያ ላይ ይታያት ነበር። ከዚህ ሐዲሥ ተነስተው ብዙኃኑ ዑለማ፣ በኢሕራም ውስጥ ሽቶ መቀባት ክልክል ነው፣ ከኢሕራም በፊት የተቀባው ቢቀር ግን ችግር የለውም አሉ፤ ኢማም ማሊክ አልወደዱትም። ልብ በሉልኝ፦ አዲስ የተቀባና አድሮ የቀረ ሽቶ አንድ እንዳልሆነ የሽቶ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ፈቂሁም ለይቶ ነበር የሚያወራው።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ። የእጃችን ቆዳ ሙቀት 32 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ሽቶውን እንደ ምድጃ ያበስለዋል። ቀለል ያለው ሽታ መጀመሪያ ይበራል፣ ከባዱ ቆይቶ ይወጣል፣ የመጨረሻው ሲያድር እንኳ ይገኛል። አልኮል ያለበት ሽቶ ይህን ሁሉ በጥድፊያ ያደርገዋል፤ ዘይቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ። ቆዳው የደረቀ ሰው ላይ ቶሎ ይጠፋል፣ ወዝ ያለው ላይ ይቆያል። በዚያ ላይ አፍንጫችን ይለምዳል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የራሳችንን ሽቶ ማሽተት እናቆምና «ጠፋ» ብለን እንደገና እንቀባለን። አጠገባችን የሚሰግደው ወንድም ግን ሳይወድ በግድ ለሁለታችን ያሸታል!

እኔ ሽቶ የምፈትነው በሶላት ሰዓት ነው። ዙህር ላይ እቀባለሁ፣ ዐስር ላይ አሸታለሁ፣ መግሪብ ላይ አሸታለሁ፣ ሱብሂ ላይ የቀረውን አያለሁ። ውዱእ እንዳያጥበው ከክርን በላይ ነው የምቀባው። የጣኢፍ ወርድ መጀመሪያ ሹል ነው፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ዐስር ላይ ለስልሶ ጽጌረዳ ይሆናል፤ መግሪብ ላይ የለም። ዑድ በተቃራኒው ነው። ጥሩው ዑድ ሲቀባ ቆዳ ፋብሪካ ወይም የከብት ቤት ሊመስል ይችላል፤ ወጣቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ከታገሱት ግን ጣፋጭ እንጨት ይሆናል፣ ልብስ ላይ ደግሞ ቀናት ይቆያል። «ሚስክ» ተብሎ በየበሩ የሚሸጠው ነጩ ዘይት ከዙህር እስከ ሱብሂ አንድ ዓይነት ነው። ንጹሕ ነው፣ ደስ ይላል፣ አይለወጥም። ምክንያቱም ከሚስክ አጋዘን የመጣ አይደለም፤ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። አጋዘኑ በዓለም አቀፍ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ በዚያ ዋጋ እውነተኛ ሚስክ አይገኝም። ይህን ስል ሻጮቹን ለመክሰስ አይደለም፤ የምንገዛውን እንወቅ ነው።

ዝባድን ቆዳዬ ላይ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤተሰባቸው በዝባድ ይነግድ የነበረ አንድ አባት ከቆየ ቀንድ ውስጥ በስንደዶ ጫፍ ነክተው፣ በዘይት አቅጥነው ሰጡኝ። ከቀንዱ ያሸተትኩት እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያስጠላ ነው። የሽንትና የበረት ሽታ ነው፤ ይህ እንዴት ሽቶ ይባላል ያሰኛል። ዐስር ላይ በረቱ ሄዷል፤ የቀረው እንደ ሞቀ ሰም፣ እንደ ቆዳ ያለ ነው። መግሪብ ላይ አበባ ሆነ። የቱ አበባ ነው ብትሉኝ ስም የለኝም፤ የሰው ገላ የራሱ መልካም ጠረን ያለው ቢመስላችሁ እንደዚያ ነው። ሱብሂ ላይም ነበረ። ሽቶ ቀማሚዎች ዝባድን ለብቻው የማይቀቡት ለዚህ ነው፤ በጣም ጥቂት ጨምረው ሌሎቹን ሽታዎች ቆዳ ላይ እንዲያቆይላቸው ነው የሚፈልጉት።

ይህ የሚያስጠላ ቀንድ ታዲያ ከየት ተነስቶ ወዴት ሄደ? ከጊቤ ማዶ እናርያ የምትባል አገር ነበረች፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በወርቅና በዝባድ ስሟ የተጠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ምድር ላይ የሊሙ እናርያ መንግሥት ተነሳ። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 የነገሡት አባ ባጊቦ ከሰሜን የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችን ተቀበሉ፣ ጠበቁ፣ ሰቃ የምትባለው ከተማቸው ትልቅ ገበያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1843 ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እናርያ የደረሰው በዚህ የነጋዴ መንገድ ነው። ቅፍለቱ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ቡናውን ጭኖ ዓባይን ይሻገራል፣ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ይደርሳል፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ፣ ከዚያ ባሕሩ። ጉዞው ወራት የሚፈጅ ነው።

ንግዱ ለምን በሙስሊሙ እጅ ሆነ? ምርጫ ብቻ አልነበረም። በደጋው ክርስቲያናዊ መንግሥት ሙስሊሙ ርስት አይሰጠውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ የጎንደሩ እስላም ቤት ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። መሬት ለሌለው ሰው መንገድ ቀረለት። ጀበርቲው በቅሎውን ጭኖ የወጣው እዚህ ውስጥ ሆኖ ነው። መንገዱ ደግሞ ዕቃ ብቻ አላመላለሰም። የጊቤ አገሮች፣ ሊሙ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ በዚያ ክፍለ ዘመን ኢስላምን ሲቀበሉ፣ ከነዚህ ነጋዴዎችና አብረዋቸው ከሚጓዙት ዓሊሞች ጋር ነበር ግንኙነታቸው።

አንዳንድ ጊዜ ይህን ታሪክ ስንተርክ እዚህ ላይ «አልሐምዱሊላህ» ብለን እንዘጋለን። እኔ ግን ያየሁትን ጥሎ ማለፍ አልፈልግም። በዚያው ቅፍለት፣ ከዝባዱ ቀንድ ጎን፣ ባሪያ ይነዳ ነበር። የእናርያም የባሶም ገበያ ሰው ይሸጥበት ነበር፤ ገዢውም ሻጩም ከሁሉም ሃይማኖት ነበረ፤ የኛዎቹም ነበሩበት። ስለ አባቶቻችን ንግድ የምንኮራ ከሆነ የተነዱትን ሰዎች ከታሪኩ ማውጣት አንችልም። ብዙዎቹ የዛሬ ጎረቤቶቻችን አያቶች ናቸው።

ሁለተኛው የሚከብደኝ ነገር እንስሳው ነው። ጥርኝ በሀገራችን አይራባም፤ ወንዱ ከዱር ይያዛል፣ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ ይገባል፣ ጎጆው እሳት እየነደደበት ይሞቃል። በየ9 ወይም 10 ቀኑ ጅራቱና እግሩ ተይዞ ቅባቱ በማንኪያ ይጠረጋል። አርቢዎቹ፣ አብዛኛዎቹ በጅማ፣ በኢሉባቡርና በወለጋ ያሉ ሙስሊም ገበሬዎች፣ ስስታም አይደሉም፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ያበሉታል፤ ራሳቸው የማያገኙትን ለእሱ የሚያቀርቡ አሉ። ግን ድመት አስራ ያስራበችውን፣ ራሷም እንዳትበላ ያልለቀቀቻትን ሴት ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥርኙ አርቢ ያበላል፤ ስለዚህ ሁኔታው አንድ አይደለም። ዑለማ ቀለብ እስከተሰጠው ድረስ እንስሳ መያዝን እንደሚፈቅዱም አውቃለሁ። ቢሆንም መዞር የማይችል ፍጡር ሆድ ስለሞላ ብቻ ጉዳዩ አልቋል ለማለት ልቤ እሺ አይለኝም። ይህ ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋው የዑለማው ነው።

ንግዱን ያዳከመው ግን ሐዲሡ ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ሳይንቲስት የዝባድ ዋና ሽታ 17 ካርቦን ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ውሁድ መሆኑን አሳየ። ያን ያህል ትልቅ ቀለበት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ትልቅና ከባድ ስለሆነ ነው እንግዲህ ቆዳ ላይ እስከ ሱብሂ የቆየልኝ። አሠራሩ ከታወቀ በኋላ በፋብሪካ መሥራት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች የጎጆዎቹን ሁኔታ ለዓለም ሲያሳዩ፣ ትልልቆቹ የአውሮፓ ሽቶ ቤቶች ወደ ፋብሪካው ዞሩ። ዋናዋ ገዢ ፈረንሳይ ነበረች። ቀንዱ ውስጥ ቅቤ እየጨመሩ የሚሸጡ አታላዮችም የሀገራችንን ስም አላገዙም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥቡን ያወጡበትን ቀን የረሳ ነጋዴ ሁሌም አለ።

ዛሬ ከተማ ውስጥ «ዝባድ አለህ ወይ?» ብላችሁ ሽቶ ሻጭን ብትጠይቁ አብዛኛው ቃሉን አያውቀውም። የሚያውቁት አዛውንቶች እያለፉ ነው። ከጅማ፣ ከሊሙ፣ ከጎንደር እስላም ቤት፣ ከወሎ የነጋዴ ቤተሰብ የሆናችሁ ወጣቶች አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ ቀንዱ በምን ይከደን ነበር፣ ንጹሑን ከቅቤ የተቀላቀለው በምን ይለዩት ነበር፣ ስንት ቀን ይጓዙ ነበር፣ አብሯቸው ማን ይጓዝ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትዘልሉ። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፤ የሚነግሯችሁን ኪታብ ውስጥ አታገኙትም።