የስቲቨንስ ደሴትን ወፍ ያጠፋው ማን ነው?

በኒውዚላንድ ኩክ ወሽመጥ ጫፍ ላይ ያለችው ስቲቨንስ ደሴት ስፋቷ 1.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ለመርከቦች የቆመው የመብራት ማማዋ ሥራ ሲጀምር ጠባቂዎቹ ከነቤተሰቦቻቸው ሰፈሩባት፤ ድመትም አብሮ ገባ። በዚያው ዓመት አንዲት ድመት የገደለቻቸው ትንንሽ ወፎች ከጠባቂዎቹ አንዱ በነበረው በዴቪድ ላያል እጅ ገቡ። ወፏ መብረር የማትችል፣ በድንጋዮች መካከል እንደ አይጥ የምትሮጥ፣ ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃት ነበረች። ናሙናዎቹ ከነጋዴ እጅ አልፈው እንግሊዝ ላለው ባለጸጋ ሰብሳቢ ለዋልተር ሮትስቻይልድ ተሸጡ፤ እሱም በላያል ስም ሰየማት። ስሟ በተመዘገበ በወራት ውስጥ ግን ወፏ ከደሴቲቱ መጥፋቷ ይነገር ጀመር።

ታሪኩ ሲነገር የኖረው «አንዲት ድመት አንድን ዝርያ ብቻዋን ጨረሰች» እየተባለ ነው። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ከዚያም በላይ ሰውን ከተጠያቂነት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋልብሬዝ እና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች የዘመኑን ደብዳቤዎች መርምረው እንዳሳዩት ድመቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ዱር ገብተው ተራብተዋል። በ1899 አዲስ የተሾመው ጠባቂ በወራት ውስጥ ከ100 በላይ ድመቶችን በጥይት ገድሏል፤ ደሴቲቱ ከድመት የጸዳችው ግን በ1925 ነው። የአደን ጠባይ የድመቷ ተፈጥሮ ነው፤ ወደ ደሴቲቱ ያመጣት፣ በሩን ክፍት የተወላት፣ ግልገሎቿንም ያልተቆጣጠረው ግን ሰው ነው።

ወፏ ከዋናዎቹ የኒውዚላንድ ደሴቶች ቀድማ የጠፋችው ሰዎች ባመጡት አይጥ ነው፤ ታዲያ ድመት ምን በደለች? የሚል ይኖራል። መልሱ እዚያው ነው፤ ስቲቨንስ ደሴት ያ አይጥ ስላልደረሰባት የወፏ የመጨረሻ መጠጊያ ሆና ቆይታ ነበር። አይጥ የሚያስቸግረው ቤት ድመት እንደሚፈልግ፣ ጎተራ ያለው የእኛ ገበሬ በሚገባ ያውቃል፤ ቁም ነገር ነው። ሆኖም በመጋቢት 1895 አንድ የክራይስትቸርች ጋዜጣ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፦ መንግሥት ብርቅ ወፎች ወዳሉባቸው ደሴቶች ጠባቂ ሲልክ ድመት ይከልክል፣ የአይጥ ወጥመድ በመንግሥት ወጪ መግዛት ቢያስፈልግም እንኳ። «ያ የደሴት ጣጣ ነው፤ በእኛ አገር ወፎች ከዱር ድመት ጋር አብረው ኖረዋል» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ነገር ግን የዱር ድመት አደኗ ሲያንስ ቁጥሯም ያንሳል። የቤት ድመት ግን ወፉ ቢመናመንም ከባለቤቷ እጅ ትበላለችና ቁጥሯ አይቀንስም፤ ማደኗንም አትተውም። ስለዚህ የቤት ድመት በግቢ ተወስና መያዝ አለባት። ከቤት የማትወጣ ድመት ትጨነቃለች ለሚለው ደግሞ የአውስትራሊያዋ የካንቤራ ከተማ ሕግ ተገቢ አማካይ መንገድ አግኝቷል፤ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ የተወለዱ ድመቶች በባለቤታቸው ግቢ ተወስነው እንዲኖሩ ሲያስገድድ፣ ቀድሞ መውጣት የለመዱትን ግን በአብዛኛው ሰፈር እንደ ልማዳቸው ትቷቸዋል።