ስድስተኛዋ ሙከራ

ኦክቶበር 17 ቀን 1968 በሜክሲኮ ሲቲ የወንዶች ሱሉስ ዝላይ ፍጻሜ ሊያበቃ ተቃርቧል። ብራዚላዊው ኔልሰን ፕሩዴንሲዮ በአምስተኛው ዙር 17.27 ሜትር ዘሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዟል። ለ23 ዓመቱ የሶቪየት ኅብረት ተወዳዳሪ ለቪክቶር ሳኔዬቭ የቀረችው አንዲት ሙከራ ብቻ ናት። ተንደርድሮ ተነሣ፤ በተነሣበት እግር አርፎ እንደገና ነጠረ፤ በሌላው እግሩ ረግጦ ወደ አሸዋው ተወረወረ። 17.39 ሜትር!

ፖላንዳዊው ዮዜፍ ሽሚት በ1960 ያስመዘገበው 17.03 ሜትር ለስምንት ዓመታት ሳይደፈር ኖሯል። በሜክሲኮ ግን ክብረ ወሰኑ በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ተሰበረ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ጀንቲሌ በማጣሪያው 17.10፣ በፍጻሜው 17.22 ሜትር ዘለለ። ሳኔዬቭ በ17.23 ቀደመው፤ ከዚያ የፕሩዴንሲዮ የአምስተኛ ዙር ዝላይና የሳኔዬቭ የመጨረሻ ዝላይ ተከተሉ። ከባሕር ጠለል 2,240 ሜትር ከፍ ያለችው ከተማ ስስ አየር ለዘላዮች ምቹ ነበር። ያው አየር የረጅም ርቀት ሯጮችን ትንፋሽ ሲያሳጥር፣ የደጋው ልጅ ማሞ ወልዴ ከሦስት ቀን በኋላ ማራቶኑን አሸነፈ።

ሳኔዬቭ በጥቁር ባሕር ዳር፣ በሱኹሚ ተወልዶ ያደገ፣ ስፖርትንም በከፍታ ዝላይ የጀመረ ሰው ነው። የሜክሲኮው ድል የስስ አየር ስጦታ ብቻ አለመሆኑን በ1972 አስመሰከረ። ሙኒክ ላይ በ17.35 ሜትር፣ ምሥራቅ ጀርመናዊውን የርግ ድሬመልን በ4 ሴንቲ ሜትር በልጦ ወርቁን ደገመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17፣ ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ በትውልድ ከተማው 17.44 ሜትር ዘሎ ከኩባዊው ፔድሮ ፔሬዝ ክብረ ወሰኑን አስመለሰ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ፣ ከዓመት በፊት 17.89 ሜትር የዘለለው ብራዚላዊው ዡዋው ካርሎስ ዴ ኦሊቬይራ ቢጠበቅም፣ ሦስተኛውን ወርቅ በ17.29 ሜትር የወሰደው ሳኔዬቭ ነበር። በሱሉስ ዝላይ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሌላ ሰው እስካሁን የለም።

በ1980 ሞስኮ ላይ ዕድሜው 34 ደርሷል። በመክፈቻው ዕለት ችቦውን ይዞ ወደ ስታዲየሙ የገባው እሱ ነበር። ዳኞች የዴ ኦሊቬይራንና የአውስትራሊያዊውን ኢያን ካምቤልን ዝላዮች በመሰረዛቸው ያ ውድድር ዛሬም ያወዛግባል። ወርቁ የኢስቶኒያው ያክ ኡድሜ ሆነ። ሳኔዬቭ ግን በስድስተኛዋ ሙከራው 17.24 ዘሎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለ።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ኑሮው አብሮ ተናጋ። ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ችግሩ ሲጠናበት ሜዳሊያዎቹን ለመሸጥ እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር፤ አልሸጣቸውም። በትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ፣ ቆይቶም የዝላይ አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 በሲድኒ፣ በ76 ዓመቱ አረፈ። ሌሎች ውድድሩ አብቅቷል ሲሉ እሱ ገና አንድ ሙከራ እንደቀረው የሚያውቅ ሰው ነበር።