የቪየና ምስጢር የመቶ ዓመት ግብር ነው

በየዓመቱ «ለኑሮ የሚመቹ የዓለም ከተሞች» የሚል ዝርዝር ይወጣል። ቪየና፣ ኮፐንሃገንና ዙሪክ ከላይ ይሰለፋሉ። በኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ዝርዝር ቪየና ከ2022 እስከ 2024 በተከታታይ አንደኛ ነበረች፤ በ2025 ኮፐንሃገን ቀደመቻት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ደረጃ ማንን እንደሚያገለግል ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም። አንዱ ዋና ጥቅሙ ሠራተኞቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ኩባንያዎች ነው፤ ለተላከው ሰው የሚከፈለውን አበል ያሰሉበታል። ጸጥታን፣ ሕክምናን፣ ባህልና አካባቢን፣ ትምህርትንና መሠረተ ልማትን ይመዝናል። የኑሮ ውድነትን አይመዝንም። ኪራዩን ኩባንያው ለሚከፍልለት ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ከደመወዙ ግማሹን ለአከራይ ለሚያስረክብ ነዋሪ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ቪየናን ከሌሎቹ የለያትም እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የጀመረው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቪየና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የታጨቀባት የንጉሠ ነገሥት መቀመጫ ነበረች። በሠራተኛው ሰፈር ውኃውም ሽንት ቤቱም ኮሪደር ላይ የጋራ ነበር። ክፍል መከራየት ያልቻለ ሰው አልጋ ብቻ ይከራያል፤ አንዱ ለሥራ ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል። የሳንባ ነቀርሳ «የቪየና በሽታ» እስከመባል ደርሶ ነበር።

በ1919 ሶሻል ዴሞክራቶች የከተማዋን ምርጫ አሸነፉ። በ1922 ቪየና ራሷን የቻለች ክፍለ ግዛት ስትሆን የራሷን ግብር የመጣል ሥልጣን አገኘች። የፋይናንስ ኃላፊው ሁጎ ብራይትነር የቀድሞ የባንክ ዳይሬክተር ነበር። በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣለ። ተራው ተከራይ ጥቂት ይከፍላል፣ ባለ ቪላው ብዙ። በቁጥር እጅግ ጥቂት የሆኑት የቅንጦት ቤቶች ከገቢው ግማሽ ያህሉን ሸፈኑ። ሻምፓኝ፣ የቤት አገልጋይና የውድድር ፈረስም አልቀሩም።

በዚህ ገንዘብ ከተማዋ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ሠራች። በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በውስጡ 1,382 ቤቶች፣ ልብስ ማጠቢያ፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩት።

ታሪኩ ግን በሰላም አልቀጠለም። በየካቲት 1934 የዶልፉስ መንግሥት ያንኑ ሕንፃ በመድፍ ደበደበ፤ ብራይትነርም በስደት አሜሪካ ሞተ። ቤቶቹ ግን ቆሙ። ከጦርነቱ በኋላ የመጡት አስተዳደሮችም ግንባታውን ቀጠሉ እንጂ ቤቶቹን ለገበያ አላወጡም። ዛሬ ከተማዋ ወደ 220 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች አከራይ ናት። ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በከተማዋ ወይም በመንግሥት ድጎማ በተሠራ ቤት ነው።

አሁን በርሊንን እንይ። በርሊን ዕዳ ሲያስጨንቃት በ2004 ጂኤስደብሊው የተባለውን የከተማዋን የቤቶች ድርጅት ሸጠች። 65 ሺህ የሚያህሉ ቤቶች ከነዕዳቸው በ405 ሚሊዮን ዩሮ ሄዱ። ኪራይ ሰማይ ሲነካና ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ በ2021 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን ከትልልቅ ኩባንያዎች ለመግዛት ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ቪየናም ገነት አይደለችም። የከተማዋን ቤት ለማመልከት አስቀድሞ በአንድ አድራሻ ሁለት ዓመት ተመዝግቦ መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ መጤው ስደተኛ በአብዛኛው የሚጀምረው ውድ ከሆነው የግል ኪራይ ነው። የመቶ ዓመቱ ጥላ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀድሞ በገባው ላይ ነው።

የሆነ ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የከተማ ኑሮ የሚሻሻለው ለውበት በተተከለ አበባና በጎርፍ መብራት ብቻ አይደለም። አንድ ትውልድ ከማን ግብር እንደሰበሰበና ምን እንደሠራበት፣ ቀጣዩም የተሠራውን ሸጠው ወይስ ጠበቀው በሚለው ይወሰናል። አውሮፓ ያለ ዘመዳችሁን «የትኛው ከተማ ይሻላል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የደረጃውን ቁጥር ተዉትና ይህን ጠይቁ፦ ከደመወዝህ ስንቱ ለኪራይ ይሄዳል? ቤቱስ የማን ነው?