አረም የማን ዘመድ ነው?

በአማርኛ «ማረም» የሚለው ግሥ ሁለት ቤት ያስተዳድራል። ገበሬ ጤፉን ያርማል፤ መምህር የተማሪውን ደብተር ያርማል። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ያለ ቦታው የገባውን ለይቶ ማውጣት። ልዩነቱ የደብተሩ ስሕተት አንድ ጊዜ ከተሰረዘ ተመልሶ አለመብቀሉ ነው። የጓሮው አረም ግን ዛሬ ተነቅሎ ከሳምንት በኋላ እንዳዲስ ብቅ ይላል። ለመሆኑ ይህ ያልተጠራ እንግዳ ከየት መጣ? ታሪክስ አለው?

አለው። ታሪኩን ለመጀመር ወላይታ ሶዶ ትመቸናለች። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ይህች ከተማ በልግም ክረምትም ይዘንብላታል። በደጁ ጽጌረዳና ዳሊያ የተከለ የሶዶ ሰው ደስታውም ሥራውም እጥፍ ነው፤ አበባው ሁለት ጊዜ ይጠግባል፤ አረሙም እንዲሁ። ደግሞም ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። እንሰት ወይም ጎደሬ ሊበቅልበት የሚችለውን አንድ ክንድ መሬት ለአበባ መስጠት በዚያ አገር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ያን መሬት አረም ሲወስደው ማየትማ ያንገበግባል።

የወላይታ ገበሬ መሬቱን ከጥንት ጀምሮ በሁለት ከፍሎ ያውቀዋል። ለቤቱ የቀረበው፣ በከብት ፍግ የደለበው ጥቁር አፈር «ዳርኩዋ» ይባላል። ራቅ ያለው፣ ፍግ ብዙ የማይደርሰው ማሳ «ሾቃ» ነው። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎደሬውና ጎመኑ ተጠጋግተው የሚቆሙት በዳርኩዋ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው አረም እንደ ልቡ ሲያድግ አያይም። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ሰፊው የእንሰት ቅጠል ፀሐይ ይከለክላል፤ የደረቀው ቅጠልና ገለባ መሬቱን ያለብሳል፤ የቤቱ ሰው ደግሞ ጧትና ማታ ስለሚመላለስበት የበቀለውን ሁሉ በእንጭጩ ይነቅለዋል። አብዛኛው የአረም ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ ሲያጣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። አፈሩ የተገላበጠ ዕለት ነው የሚነቃው።

እንግዲህ የከተማውን የአበባ መደብ ከዚህ ጋር አስተያዩት። አፈሩ በየጊዜው ይኮተኮታል፤ አበቦቹ ተራርቀው ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ራቁቱን ፀሐይ ይሞቃል። አረም ከዚህ የተሻለ ግብዣ አይጠብቅም።

መጀመሪያ የሚመጡት የአገራችን የቆዩ አረሞች ናቸው። ሰርዶ አለ፤ ሥሩን በመኮትኮቻ ሲቆራርጡት ከያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ የሚያበቅል። እንግጫ አለ፤ ቅጠሉ ሲነቀል ድብልብሉ ሥር ከታች የሚቀር። ዘሩ ከቀሚስና ከሱሪ ጋር ተጣብቆ ቤት ለቤት የሚዞር ጭጎጊትም አለ። ይሁን እንጂ እነዚህን ጠላት ብቻ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። እንግጫን በጎጃምና በጎንደር ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እየዘፈኑ ይነቅሉታል። ሰርዶም ቢሆን አትክልተኛው ይጥላው እንጂ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ መኖሪያዋ እሱ ነው። መስከረም ሲጠባ የምንዘፍንላት አደይ አበባስ? የጭጎጊት የቅርብ ዘመድ ናት። እህል መካከል ከተገኘች ገበሬው ሳይራራ ይነቅላታል። አረምነት የተክሉ ተፈጥሮ ሳይሆን የቆመበት ቦታ የሚሰጠው ስም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ቀጥለው የመጡት ግን ሌላ ታሪክ አላቸው፤ በአበባነታቸው ተወድደው በሰው እጅ የተጓዙ ናቸው። ቀይና ቢጫ አበባ እያቀላቀለ የሚያብበው፣ እኛ «የወፍ ቆሎ» የምንለው ቁጥቋጦ ከአሜሪካ የሞቃት አገሮች ወጥቶ ዓለምን የዞረው ለአጥር ጌጥነት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ወደ ሕንድ ወሰዱት። በኋላም ጫካውንና ግጦሹን ወረሰው። ፍሬውን የሚለቅሙት ወፎች ዘሩን በየሄዱበት ስለሚጥሉ በአገራችንም በምሥራቁና በደቡቡ ከአጥር ወደ ግጦሽ ወርዷል። እምቦጭም መልከ መልካም ሐምራዊ አበባ ይዞ ከአማዞን ወንዝ አካባቢ የተነሣ የኩሬ ጌጥ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ መድረሱ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። አንድ ሰው ለዓይኑ ደስታ ያመጣው አበባ ለሌላው የዓሣ መረብ መቅበሪያ ሆነ።

ሦስተኛው እንግዳ ማንም ሳይጋብዘው የመጣ ነው። በአማርኛ ቅንጬ፣ በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ «አስፈራሚ» እንደ ማለት ነው። ማሳውን የወረሰበት ሰው መሬቱን ፈርሞ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ የለውም ለማለት ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. አካባቢ በድሬዳዋና በሐረማያ ነው። እንዴት እንደ ገባ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የሶማሊያ ጦርነት ከወታደር መኪና ጎማ ጋር መጣ ይላል። ሁለተኛው ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ገባ ይላል። ሕንድም ይህንኑ አረም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ስንዴ ጋር እንደ ተቀበለች ይነገራል። ጦርነትና ረኀብ ያለፈበት መንገድ ሁሉ ዘር ይዘራበታል ማለት ነው።

ቅንጬ ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የጎረቤቱን ተክል ዕድገት የሚያቀጭጭ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሰው ሲነካው ቆዳ ያሳክካል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ነጫጭ ደቃቅ አበባው ስለሚያምር «ይቆይ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ርኅራኄ ነው መንደሩን የሚያስወርረው።

ሰውም ዝም አላለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተገኘው «ቱ ፎር ዲ» የተባለው መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ ስንዴንና ጤፍን ስለሚተው በአገራችን እርሻ ታወቀ። ለአበባ ጓሮ ግን አይሆንም፤ ጽጌረዳውም ዳሊያውም ሰፊ ቅጠል ያላቸው ናቸውና አረሙን ከአበባው አይለይም። ንፋስ የወሰደው ጠብታ የጎረቤትን ጎመን ያቃጥላል። የቤት አበባ አራሚ ዛሬም የሰው እጅ ነው።

እጁ ምን ይሥራ? የዳርኩዋን ልማድ ይከተል። አበቦቹን አቀራርቦ ይትከል፤ ባዶ የቀረውን አፈር በእንሰት ቅጠል፣ በገለባ ወይም በቡና ገለፈት ያልብስ። ፍግ ከነዘሩ ከመበተን ከምሮ ያብስለው፤ ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግልና ሲገላበጥ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። ሰርዶንና እንግጫን ቆርጦ ከመተው ከነሥራቸው ቆፍሮ ያውጣቸው። ቅንጬን ሳያብብ፣ እጁን ሸፍኖ ይንቀለው። አዲስ አበባ ከሩቅ ሲያመጣም አፈሩን ይመርምር፤ ከአበባው ጋር ማን እንደ ተሳፈረ አይታወቅምና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

በወላይታ የዘመን መለወጫው ጊፋታ በመስከረም ከመድረሱ በፊት ቤትም ደጅም ይጸዳል። ክረምቱ ያበቀለው አረም ዘሩን ከማፍሰሱ በፊት ለመንቀል ከዚያ የተሻለ ወቅት አይገኝም። የሶዶው ባለ አበባ ያን ዕለት አጥሩ ሥር ያለውን የወፍ ቆሎ ቢነቅል የሚያድነው የራሱን ጽጌረዳ ብቻ አይደለም። ወፏ ነገ የምትሄደው ከከተማው በታች ወዳለው፣ አንድ ክንድ መሬት ወደማይተርፈው ገበሬ ማሳ ነው።