የሌላን ሕዝብ ባህላዊ ልብስ መልበስ በኢስላም እንዴት ይታያል?

በሠርግና በዒድ ሰሞን ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። የወሎ ልጅ የሶማሌ ዲራዕ ለብሳ ሠርግ ስትሄድ፣ የስልጤ ወጣት የፓኪስታን ቀሚስና ሱሪ ለብሶ ለዒድ ሶላት ሲወጣ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ዓባያዋን ለብሳ ሰፈሯ ውስጥ ስትታይ አስተያየት ሰጪው ብዙ ነው። አንዱ «የራስሽን ባህል ትተሽ ዓረብ ልትሆኚ ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችን ሙሽራ «ይህ የሙስሊም ልብስ አይደለም» ብሎ በደስታዋ ቀን አንገቷን ያስደፋታል። ሁለቱም አስተያየቶች የሚጋሩት ስህተት አለ፤ የሰውን ማንነት ወይም ዲን የሚመዝኑት ጨርቁ ከየት እንደመጣ በማየት ነው። ሸሪዓው የሚመዝነው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ እሱን በቅደም ተከተል እናያለን።

መሠረቱ መፈቀድ ነው

ዑለማዎች እንደሚያስረዱት አለባበስ ከዒባዳ ሳይሆን ከሰዎች ልማድ (ዓዳ) የሚመደብ ጉዳይ ነው። በልማድ ጉዳዮች ደግሞ መሠረቱ መፈቀድ ስለሆነ ማስረጃ ማቅረብ ያለበት «ክልክል ነው» የሚለው ወገን ነው። ሸሪዓው ድንበሮችን አስቀምጧል፤ ስፌቱን፣ ቀለሙንና ቅርጹን ግን ለየሕዝቡ ትቷል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን ኢህራም ነው። ለሐጅና ለዑምራ የሚወጡ ወንዶች ከየትም ይምጡ ከየት ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆችን ይለብሳሉ። ይህ ልብስ የዓረብም፣ የህንድም፣ የሐበሻም አይደለም። ከኢህራም ሲወጡ ናይጄሪያዊው ወደ ሰፊ ቀሚሱ፣ ኢንዶኔዥያዊው ወደ ሽርጡ፣ የእኛውም ሰው ወደ ለመደው ልብስ ይመለሳል። ዲናችን ሁሉም ሕዝብ በዘመኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ እንዲለብስ ቢፈልግ ኖሮ ያንን ባዘዘ ነበር።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሌሎችን ልብስ ለብሰዋል

በዚህ ርዕስ ላይ ግልጽ የሆኑ ዘገባዎች አሉን፦

• ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ ዘመቻ ወቅት የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። እጅጌው ጠባብ ስለነበር ውዱእ ሲያደርጉ እጃቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው ታጠቡ። ዘገባው ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ሻም በሮም አገዛዝ ሥር የነበረች ምድር ናት።

• አነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልብስ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሒበራ የተባለውን ባለ መስመር የየመን ጨርቅ ነበር። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

• የእኛው ንጉሥ ነጃሺ ሁለት ጥቁር የቆዳ ኹፎች በስጦታ ልከውላቸው ለብሰዋቸዋል፤ ውዱእ ሲያደርጉም በላያቸው አብሰዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

• በሐበሻ ምድር የተወለደችው ኡሙ ኻሊድ ትንሽ ልጅ ሳለች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ያለበትን ጥቁር ልብስ በገዛ እጃቸው አልብሰዋት፣ ልብሱን እስኪያረጅ እንድትለብሰው መልካም ምኞታቸውን ገለጹላት። ከዚያም ጌጡን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያማረ ነው ማለታቸው ነው። ዛሬም «ሠናይ» ከምንለው ቃል ጋር ይቀራረባል። ቡኻሪ የዘገበው ነው።

ከመጨረሻው ዘገባ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ከስደት ለተመለሰች ልጅ ያደገችበት አገር ቋንቋ ነውር ሆኖ አልቀረበላትም፤ በዚያው ቋንቋ ተወደሰች እንጂ።

ክልክል የሚያደርጉት ምንድን ናቸው?

አንድ ልብስ የየትኛውም ሕዝብ ይሁን፣ የሚከተሉት ነገሮች ካሉበት አይፈቀድም፦

1. ዐውራን የማይሸፍን፣ ገላን የሚያሳይ ወይም ቅርጽን አጣብቆ የሚያወጣ ከሆነ፤
2. ለወንድ ሐር ወይም ወርቅ ከሆነ፤
3. ወንድ የሴትን፣ ሴት የወንድን መለያ ልብስ የምትለብስበት ከሆነ፤
4. የሌላ እምነት መለያ ምልክት ወይም የአምልኮ ልብስ ከሆነ፤
5. ለኩራት፣ ለብክነት ወይም ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ተብሎ የሚለበስ የዝና ልብስ (ሊባሱ ሹህራ) ከሆነ።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዳንድ ዑለማዎች እንደሚሉት የአገሩን ሰው ልማድ ጥሎ ለመለየትና ለመታየት ብቻ ብሎ መልበስም በዚህ ሊካተት ይችላል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ማንም የማይለብሰውን ልብስ «ከሌላው የተሻለ ዲነኛ ነኝ» ለማለት የለበሰ ሰው፣ ልብሱ ከመካ የመጣ ቢሆንም ኒያውን ሊመረምር ይገባዋል።

ስለ መመሳሰል (ተሸቡህ)

ከሌላ ሕዝብ ጋር የሚመሳሰል ሰው ከእነሱ እንደሚቆጠር የሚያስጠነቅቀውን በአቡ ዳውድ የተዘገበ ሐዲስ ይዘው ማንኛውንም የውጭ ልብስ የሚከለክሉ አሉ። ዑለማዎች ግን ሐዲሱ የሚመለከተው የሌላ እምነት ተከታዮች ብቻ የሚታወቁበትን መለያ መሆኑን አብራርተዋል። በሙስሊሙም በሌላውም ዘንድ የተለመደ ልብስ የማንም መለያ አይደለም።

ኢማሙ ማሊክ ስለ ቡርኑስ ሲጠየቁ ችግር እንደሌለበት ተናገሩ። የክርስቲያኖች ልብስ መሆኑ ሲነገራቸው እዚህም ይለበስ እንደነበር ገልጸው መለሱ። ይህን ያወሱት ኢብኑ ሐጀር አልዓስቀላኒ በፈትሑል ባሪ ሌላም ጠቃሚ መርህ አስቀምጠዋል፦ አንድ ልብስ የሌላ እምነት መለያ መሆኑ በጊዜ ብዛት ከቀረ፣ ክልከላው የቆመበት ምክንያት ስለሚነሳ ልብሱ ወደ መፈቀድ ይመለሳል።

የልብሱ ባለቤቶች ሐቅ

ሐላል መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አደብ ነው። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ከልክሎ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። የሌላን ሕዝብ ልብስ መልበስ ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ይችላል፤ መተዋወቅ ወይም መሳለቅ። የአንድን ብሔረሰብ ልብስ ለብሶ አነጋገሩንና አረማመዱን እያስመሰሉ ሰው ማሳቅ ሁለተኛው ነው። ቪዲዮ ተቀርጾ ሲሰራጭ ደግሞ ወንጀሉ ይባዛል።

ልብሶች ትርጉም እንዳላቸውም ማወቅ ያስፈልጋል። በሐረሪዎች ዘንድ ጉፍታ ያገባች ሴት የምታስረው የፀጉር መሸፈኛ ነው። በኦሮሞ ባህል ከለቻ ማንም ግንባሩ ላይ የሚያስረው ጌጥ ሳይሆን ከማዕረግና ከሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለፎቶ ብቻ ማድረግ ባለቤቱን ያስከፋል፤ እምነት ነክ ሥርዓት ካለበት ደግሞ ከላይ ወደጠቀስነው አራተኛ ነጥብ ይገባል። ስለዚህ ከመልበሳችን በፊት ባለቤቶቹን እንጠይቅ።

ባለቤቱ ራሱ ካለበሰን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የኳታሩ አሚር ለሊዮኔል ሜሲ ቢሽት ሲደርቡለት ዓለም አይቷል። ቢሽት በዓረቦች ዘንድ በትልልቅ ቀናት የሚለበስ የክብር ካባ ነው። አስተናጋጁ ለእንግዳው ሲደርብለት ትርጉሙ ማክበር ነው። በእኛም አገር እንግዳን ጋቢ ማልበስ ይህንኑ ይናገራል።

በአገራችን የሚያጋጥሙ ጉዳዮች

የሐበሻ ቀሚስና ጋቢ፦ ሸማ የአንድ እምነት ንብረት አይደለም። አርጎባዎች በሽመናቸው የታወቁ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጋቢም የወሎ ሸይኾች የዘወትር ልብስ ሆኖ ኖሯል። ጥለቱ መስቀል ካለበት ይተዋል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው የመስቀል ቅርጽ ያለበትን ነገር እንደማይተዉ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበዋልና። ነገር ግን ማንኛውንም የጥለት መስመር ሁሉ መስቀል ነው እያሉ ሰውን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። ለሸማኔው ቀድሞ መንገርም ይቻላል። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ሻሽ ወይም ሒጃብ ያስፈልገዋል።

ዲራዕ፦ ጨርቁ ስስ ነው። የሶማሌ እናቶች ከሥሩ ጉርጉራድ፣ ከላይ ጋርባሳር የሚደርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዲራዑን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው ባህሉንም ሸሪዓውንም ማጉደል ነው።

ዓባያ፦ የሚፈለገውን መሸፈኛ በቀላሉ ያሟላል፤ የለበሰችው እህት ባህሏን ከዳች አይባልም። በዚያው ልክ ዓባያ ያልለበሰች፣ ነገር ግን በአገሯ ሰፊ ልብስ በአግባቡ የተሸፈነች እናት ከእሷ ያነሰች አይደለችም። ግዴታው መሸፈኑ እንጂ የዓረብ ስፌት ወይም ጥቁር ቀለም አይደለም።

ግዢ፦ የእጅ ጥበብ የሆነ ልብስ ስንገዛ ከሚሠራው ሕዝብ ብንገዛ መልካም ነው። ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ርካሽ ቢሆንም የሸማኔውን እንጀራ የሚሻማ ነው። የታተመውን በእጅ የተሠራ ነው ብሎ መሸጥ ደግሞ ማጭበርበር ነውና ሐራም ነው።

ለማጠቃለል ያህል

የሌላ ሕዝብ ልብስ ሲያጋጥመን አራት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይሸፍናል ወይ? የሌላ እምነት መለያ አለበት ወይ? ኒያዬ ምንድን ነው? ባለቤቶቹ ቢያዩኝ ደስ ይላቸዋል ወይስ ያፍራሉ? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው በሰላም ይልበስ። ሌላው ደግሞ ምላሱን ይሰብስብ፤ ሙሽራን በሠርጓ ቀን ያስለቀሰ ሰው ሱና አላስተማረም። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ከልብስ ሁሉ በላጩ የተቅዋ ልብስ መሆኑን ነግሮናል፤ የዚያን ልብስ አገር ደግሞ ማንም መናገር አይችልም።

ወላሁ አዕለም።