የአንገት ንቅሳትና የክንድ ታቱ

በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ቅዳሜና እሑድ ወደ ማታ ሲል ከሚዝናናው ወጣት መካከል ክንዱ ላይ ጥቅስ፣ አንገቱ ሥር መስቀል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወዳጅ ስም ያስነቀሰ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በዚያችው ከተማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሚያስቀድሱት እናቶች መካከል ደግሞ ከአገጫቸው ሥር እስከ አንገታቸው ግርጌ በረድፍ የወረደ፣ ዕድሜ ያደበዘዘው ሰማያዊ ንቅሳት ያለባቸው ይገኛሉ። በወጣቱ ክንድ ላይ ያለውን ታቱ «ከፈረንጅ የመጣ ብልግና» ብሎ የሚኮንን ሰው የእናቶቹን አንገት አይቶ «ባህላችን» ይላል። ወጣቱም በተራው ከውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ያየውን ንድፍ ሲያስነቅስ አያቱ ያለፉበትን መንገድ እየደገመ መሆኑ ትዝ አይለውም። ሁለቱም ወገኖች ክርክሩን ያለ ቦታው ነው የያዙት። ታሪካችን ንቅሳትን ባዕድ ነው ብለን እንድናወግዘው አይፈቅድልንም፤ የእኛ ስለሆነ ደግ ነው ብለን እንድንቀበለውም እንዲሁ። ከታሪኩ የሚወጡት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ እንዲነቀስ የወሰነው ማን ነው? ቁስሉስ እንዴት ዳነ?

ቆዳን ወግቶ ቀለም ማኖር የሰው ልጅ በጣም ካረጁ ሥራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ከበረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,300 ዓመት በፊት የሞተው ሰው ገላ ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። ብዙዎቹ በወገቡ፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ስለሆኑ ለሕመም ማስታገሻ የተደረጉ ይሆናሉ ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። በእኛም አገር ውበትና መድኃኒት አብረው እንደኖሩ የሚያሳይ ጥሩ ምስክር ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገሩን ተመላልሶ አይቷል። አውሮፓውያን ያኔ በኢትዮጵያውያን ፊት ላይ የሚታየውን ጠባሳ «የእሳት ጥምቀት» ብለው ያወሩ ነበር። አልቫሬዝ ግን ምልክቱ ከእሳትም ከሃይማኖትም ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ ለጌጥ እንደሚደረግና ለዓይን ይበጃል ተብሎ እንደሚታመን ጻፈ። የአሠራሩንም ዝርዝር አልተወም። ነጭ ሽንኩርት በቦታው ላይ ይደረጋል፣ ዙሪያው በቢላ ይቆረጣል፣ ቁስሉ በጣት ይሰፋል፣ ሰም ይደረግበታል፣ በሰሙ ላይ ሊጥ ይለጠፋል፣ ከዚያም በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ይህ ንቅሳት ሳይሆን ብጣት ነው። ሆኖም ተራኪው ምልክቱን አይቶ ብቻ አላለፈም፤ የመቁረጡንና ቁስሉን የመሸፈኑን ሥራ አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው።

ከ300 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ያንኑ ጥንቃቄ በንቅሳት ላይ አየ። ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በአገራችን፣ አብዛኛውን ጊዜ በትግራይ፣ ኖሮ በ1853 መጽሐፉን ለንደን ላይ አሳተመ። ወንዶቹ ቢበዛ ከትከሻቸው አጠገብ አንድ ጌጥ እንደሚያስነቅሱ፣ ሴቶቹ ግን በኮከብ፣ በመስመርና በመስቀል ገላቸውን እንደሚሸፍኑ፣ ድዳቸውን ሳይቀር በመርፌ አስወግተው ሰማያዊ እንደሚያደርጉ ይናገራል። መሣሪያው ጥቂት ነበር፤ ጥቁር ቀለም የያዘች ትንሽ ማሰሮ፣ ትልቅ የብረት መርፌ፣ ንድፉን ለመሳል ሸምበቆና ጭድ። ሥራው ሲያልቅ የተወጋው ቦታ በአረንጓዴ ልጥፍ ይሸፈናል፤ ልጥፉ ደርቆ ቅርፊት ሲሠራም በራሱ እስኪወድቅ ድረስ መነካት የለበትም። ዛሬ በየትኛውም የዓለም ክፍል ያለ ብቁ ነቃሽ ደንበኛውን ሲሸኝ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ቅርፊቱን አትላጥ፣ አትፎክት። ከአያቶቻችን ዘመን ዛሬ ላይ ሊደርስ ይገባው የነበረው ዕውቀት ይህ ነበር። እኛ ጋ የቀረው ግን የንድፉ ትዝታ ብቻ ነው።

የንድፉም ቢሆን ትርጉሙ አንድ አልነበረም። በግንባር ላይ ያለ መስቀል እምነትን ይመሰክራል፤ ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል ተብሎም ይታመንበታል። የድድ ንቅሳት ጥርስን አንጥቶ ያሳያል፣ ድድንም ያጠነክራል ይባል ነበር። በአንገት ላይ የሚወርደው ረድፍ ጌጥ ሆኖ ሳለ እንቅርትን ይከላከላል የሚል እምነትም ነበረበት። ይህ የመጨረሻው ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ነው፤ ምክንያቱም የደጋው ሕዝብ በአዮዲን እጥረት ሳቢያ በእንቅርት ክፉኛ ሲሠቃይ የኖረ ነው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሐኪምም አዮዲንም በሌለበት መንደር እናት ልጇን ይዛ ወደ ነቃሽ ስትሄድ ልትጎዳት አስባ አልነበረም። በእጇ ያለውን ብቸኛ መከላከያ መሞከሯ ነበር። መከላከያው አለመሥራቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድርጊቱን «ኋላ ቀርነት» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ግን ያንን ጭንቀት ከታሪክ መሰረዝ ይሆናል።

ሐዋሳ ይህን ጉዳይ ለማየት የተመቸች ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ስትሆን ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች፣ የአካባቢው ሲዳማዎች፣ ከወላይታና ከሌላውም አካባቢ የመጡ ሠራተኞች አብረው አሳድገዋታል። እስከ ሲዳማ ክልል ምሥረታ፣ ማለትም እስከ 2012 ዓ.ም.፣ የደቡብ ክልል ብቸኛ መናገሻም ነበረች። ስለዚህ የገላ ላይ ምልክትን በተመለከተ በከተማዋ የተገናኘው ልማድ ብዙ ዓይነት ነው። በደቡብ ኦሞ ቆዳን በጥቶ ጠባሳው ጎልቶ እንዲወጣ ማድረግ የታወቀ ነው፤ በካሮ ዘንድ በወንድ ደረት ላይ ያለው ጠባሳ ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ መግደሉን ይናገር ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር የኖረች ከተማ ታቱን ሰሞኑን ከውጭ የገባ ጉድ አድርጋ የምታይበት ምክንያት የላትም። አዲሱ ነገር ማሽኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መንቀሻ እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘ ሲሆን መነሻውም የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር።

ከማሽኑ የሚበልጥ ለውጥ ግን አለ፤ እሱም የፈቃድ ነው። የእናቶቻችን ንቅሳት ብዙውን ጊዜ የተነቀሰው በልጅነታቸው፣ ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ወይም ሊዳሩ ሲሉ ነው። ልጅቷ እግርና እጇ ተይዞ፣ እያለቀሰች፣ «ትቆነጃለሽ» እየተባለች ነበር የምትወጋው። ዘፈንና ግጥም የንቅሳታሟን ውበት ሲያወድስ ኖሯል፤ የልጅቷ ለቅሶ ግን አልተዘፈነም። ዛሬ ከአገር ቤትም ከውጭም በጨረር ለማስጠፋት የሚሹ እናቶች የሚኖሩትም ለዚህ ነው። አንዳንዷ ከገጠር መምጣቷን የሚያሳብቅባት ይመስላታል፣ ሌላዋ ሃይማኖቷን ለውጣለች፣ ሌላዋም ከመጀመሪያውም አልፈለገችውም። በሌላ በኩል በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በዩኒቨርሲቲው ያለች ወጣት ታቱ ብታስነቅስ በራሷ ገንዘብና በራሷ ውሳኔ ነው። ይህን ልዩነት ንቆ ያለፈውን «ባህል»፣ የአሁኑን «ልቅነት» ማለት ሚዛን ማዛባት ነው። ከፈቃድ አንፃር ከታየ የሚያሳፍረው የቀድሞው ነው። ይህ ሲባል ግን ፈቃድ አለ የሚባለው አዋቂ ሲወስን ነው። የ15 ዓመት ልጅ በጓደኛ ግፊት የሚያስነቅሰው በእናት ግፊት ከተነቀሰው እምብዛም አይለይም። ለዚህ ነው ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ አልነቅስም ማለት የእያንዳንዱ ነቃሽ ግዴታ መሆን አለበት የምለው።

የሃይማኖት ተቃውሞ ክብደት አለውና በአክብሮት መልስ ይገባዋል። ዘሌዋውያን 19፥28 ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥንና በገላ ላይ ምልክት ማድረግን ይከለክላል። በእስልምናም ንቅሳት የተከለከለ ነው። ፕሮቴስታንት ምእመናን በሚበዙባት በሲዳማ ይህ ጥቅስ ተደጋግሞ ይነሳል። ይሁንና ያንኑ ኦሪት የሚያነቡ የግብፅ ኮፕቶች በእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ሲነቀሱ ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ኢየሩሳሌምን የሚሳለሙ የምሥራቅ ክርስቲያኖችም የጉዟቸውን ምልክት በክንዳቸው ይዘው ይመለሳሉ። የደጋው ኦርቶዶክሳዊት እናትም ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል ከእምነቷ ጋር ተጋጭቶባት አያውቅም። ጥቅሱ የሚናገረው ስለ ልቅሶ ሥርዓት ነው የሚል አለ፣ ለሁልጊዜ ነው የሚልም አለ። በዚህ ላይ መፍረድ የየሃይማኖቱ መምህራን ድርሻ ነው፤ በእምነቱ ምክንያት የማይነቀስ ሰውም ምክንያቱ ሙሉ ነው። ነገር ግን ይህ አማኙ ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ ነው። የተነቀሰችን ልጅ ሥራ ለመንሳት ወይም በመንገድ ላይ ለመዝለፍ ፈቃድ አይሆንም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ከወዳጅ ወገን የሚመጣው ነው፦ «አያቶቻችን ያለ ጓንት፣ በአንድ መርፌ ተነቅሰው ምን ሆኑ?» ይህን የሚል ሰው የሚያየው የተረፉትን ነው። ቁስላቸው አመርቅዞ የሞቱት፣ መርፌው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻገረው በሽታ የገደላቸው መስክሩ ተብለው አይጠሩም። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ ጉበትን የሚጎዳውም ብዙ ዓመት አድፍጦ ስለሆነ የሞተችው እናት በንቅሳቱ ሳቢያ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ዘመቻ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» እያለ በየቀበሌው ሲያስተምር የመንደር ንቅሳትም አብሮ እየቀነሰ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ለጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠ። እነዚህ ትምህርቶች ትክክል ነበሩ። ታቱ በውበት ሳሎን በኩል፣ በተለይም በቅንድብ ንቅሳት መልክ፣ ተመልሶ ሲመጣ ግን ትምህርቱ አብሮት አልመጣም።

በቆዳችን ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መርፌው ቀለሙን የሚያኖረው በየወሩ ገደማ ከሚታደሰው የላይኛው ሽፋን በታች ነው። ሰውነት ቀለሙን እንደ ጠላት ቆጥሮ በላተኛ ሕዋሳቱን ይልክበታል፤ እነሱም ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት አንዱ ሕዋስ ሲሞት የተፋውን ቀለም አዲሱ ይውጠዋል፤ ንቅሳቱ ዕድሜ ልክ የሚቆየውም በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ስለዚህ የተነቀሰ ቦታ ቁስል ነው። ላዩ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቢደርቅም ውስጡ ለመዳን ወራት ይፈጅበታል። በንጹሕ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና በቀስታ መታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ መደረቅ፣ ስስ ቅባት መቀባት ይበቃዋል። ቅቤ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አያስፈልገውም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ፈተናዎች አሉ። አንዱ ሐይቁ ነው፤ ክፍት ቁስል ይዞ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ጀርምን መጋበዝ ነው። ሌላው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ፀሐይ ነው፤ ያልዳነ ቆዳን ያቃጥላል፣ የዳነውንም ቀለም ያደበዝዛል። የጥቁር ሰው ቆዳ ያበጠ ጠባሳ የማውጣት ዝንባሌው ከፍ ያለ መሆኑም መረሳት የለበትም። በጆሮ መበሳት ወይም በኦፕራሲዮን ጠባሳው ያበጠበት ሰው ታቱ ባያስነቅስ ይሻለዋል። መቅላትና ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ነቃሹ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው።

እዚህ ላይ ከተማዋም ድርሻ አላት። ፀጉር አስተካካይና ምግብ ቤት ላይ የንጽሕና ቁጥጥር የሚያደርግ አካል ቆዳ የሚወጋ ቤትን ማለፍ የለበትም። መርፌው በደንበኛው ፊት ከታሸገበት ይከፈት፣ አንዴ ካገለገለ ይወገድ፤ ቀለሙ ለእያንዳንዱ ሰው በየብልቃጡ ይቀዳ፣ የተረፈውም ይደፋ፤ ጓንት ይለበስ። ቁጥጥሩ ሥራውን ወደ ጓሮ ይገፋዋል የሚል ስጋት አለ፤ እውነትም ዋናው ዓላማ ማሸግና መቅጣት ከሆነ ይገፋዋል። ነቃሾቹን መዝግቦ፣ የመርፌና የደም ንክኪ ጥንቃቄን አስተምሮ፣ ያሟላውን በግልጽ በሩ ላይ እንዲለጥፍ ማድረግ ግን ደንበኛው ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው፣ ማለትም ዛሬ ታቱ ከሚያስነቅሰው ወጣት ብዙው፣ በሕፃንነቱ አላገኘውም። ክትባቱ ለአዋቂ የሚሰጠው በሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። ታቱ ለማስነቀስ የቆረጠ ሰው አስቀድሞ ደሙን ይመርመር፤ ነፃ ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር ወስዶ ንድፉን በኪሱ ይያዘው፣ ወደ ነቃሹ የሚሄደውም ሦስተኛውን ከተወጋ በኋላ ይሁን።